ራስ ላይ የወጣ እብጠት ከአንገት ሊመጣ ይችላል? የታይሮይድ ካንሰር ያልተጠበቁ መድረሻዎችና የሚታዩበት መንገድ

ዛሬ ከአንገት ተነስተን ራስ ቅል፣ አከርካሪ፣ ዓይንና ኩላሊት ድረስ እንሄዳለን። ጽሑፉ ትንሽ ረዘም ይላል፤ ግን ቪዲዮ ስለሌለው ዳታ አይበላም፣ ሴቭ አድርጋችሁ ማታ አንብቡት።

በሕክምና መጽሔቶች ላይ ዝርዝሩ እየተለያየ ደጋግሞ የሚወጣ አንድ ዓይነት ታሪክ አለ። ታማሚዋ ራሷ ላይ ትንሽ እብጠት ትዳስሳለች። አያማትም። ስብ ነው ይባልና ይተዋል። ወራት ያልፋሉ፣ እብጠቱ ያድጋል፣ አንዳንዴም በጣት ሲነኩት እንደ ደም ሥር ይመታል። በመጨረሻ ናሙና ተወስዶ በማይክሮስኮፕ ሲታይ ሐኪሞቹ የሚያገኙት ሕዋስ የራስ ቅልም የቆዳም አይደለም፣ የታይሮይድ ነው። አንገት ላይ መቀመጥ የነበረበት ሕዋስ እዚያ ላይ ምን ይሠራል?

እስኪ ከመሠረቱ እንጀምር። ታይሮይድ ከማንቁርታችን ዝቅ ብሎ፣ የአየር ቧንቧውን ከፊት አቅፎ የተቀመጠ፣ ቅርጹ ቢራቢሮ የሚመስል ዕጢ ነው። በአማርኛ ዕጢ ስንል ጤነኛውን የሰውነት ክፍልም በሽታ የሆነውንም እብጠት ስለምንጠራበት ያምታታል፤ እዚህ ዕጢ ያልነው ጤነኛውን ነው፣ በሽታውን እባጭ እንለዋለን። የታይሮይድ ሥራ ከምግብ የምናገኘውን አዮዲን ከደም እየለቀመ ሆርሞን መሥራት ነው። ይህቺን "አዮዲን መልቀም" የምትለዋን ነገር ያዙልን። የዛሬው ወሬ ሁሉ የሚዞረው በእሷ ዙሪያ ነው።

ካንሰሩ አራት ዋና ዋና ዓይነት አለው። ፓፒላሪ የሚባለው በጣም የተለመደው ነው፣ ከ10 ታማሚ ስምንቱ ገደማ ያለባቸው እሱ ነው። ቀጥሎ ፎሊኩላር ይመጣል። ሜዱላሪና አናፕላስቲክ ጥቂቶች ናቸው፤ የመጨረሻው ግን በጣም ፈጣንና ክፉ ነው። በጠቅላላው በሽታው ሴቶችን ከወንዶች በ3 እጥፍ ገደማ ይይዛል፣ ወጣትም አይመርጥም። ሞደርን ፋሚሊ በሚለው ድራማ የምታውቋት ሶፊያ ቬርጋራ በ28 ዓመቷ እንደተገኘባት ራሷ ተናግራለች፤ ታክማ እስከ ዛሬ በሥራዋ ላይ ናት።

አብዛኛው የታይሮይድ ካንሰር ከአንገት አይወጣም። ፓፒላሪው ቢወጣ እንኳ መጀመሪያ የሚሄደው አንገት ላይ ወዳሉት ንፍፊቶች ነው። ፎሊኩላሩ ግን ሌላ ጸባይ አለው፣ ደም ሥር ውስጥ ይገባል። ከታይሮይድ የሚወጣው ደም ወደ ልብ ቀኝ ክፍል ይወርዳል፣ ከዚያ ወደ ሳንባ ይገፋል። ሳንባ እንደ ወንፊት ነው፣ የመጀመሪያው ማረፊያ እሱ ይሆናል። ከሳንባ ያመለጠው ደግሞ ወደ ልብ ግራ ክፍል ተመልሶ ከደሙ ጋር መላ ሰውነትን ይዞራል። ስለዚህ ሁለቱ የተለመዱ የሩቅ መድረሻዎች ሳንባና አጥንት ናቸው፤ ከአጥንትም አከርካሪ፣ ዳሌ፣ የጎድን አጥንት፣ የጭን አጥንት።

አከርካሪው ለብቻው ሌላ መንገድም አለው። አሜሪካዊው ኦስካር ባትሰን እ.ኤ.አ በ1940 በአከርካሪ ዙሪያ ቫልቭ የሌላቸው የደም መልሶች መረብ እንዳለ አሳየ። ቫልቭ ስለሌለው ደሙ ስናስል ወይም ስናምጥ አቅጣጫ ሊቀይር ይችላል፣ በሳንባ በኩል ሳያልፍ ሕዋስ ይዞ አከርካሪ ውስጥ ሊገባ ይችላል ማለት ነው።

ከሳንባና ከአጥንት ውጪ ያለው ሁሉ "ያልተለመደ" ይባላል። አንጎል፣ ጉበት፣ ቆዳ፣ ኩላሊት፣ ከኩላሊት በላይ የተቀመጠችው አድሬናል፣ ቆሽት፣ ጡንቻ፣ የዓይን ጓዳ፣ ጡት፣ የምራቅ ዕጢ፣ አንጎል ሥር ያለችው ፒቱታሪ ሳትቀር። ቆዳ ላይ ሲመጣ የሚወደው ቦታ የራስ ቆዳ ነው፤ ደም በብዛት የሚያገኝ ቦታ ስለሆነ ይመስላል። የታይሮይድ እባጭ የትም ቢያርፍ በደም ሥር የተሞላ ነው። ያ የሚመታው እብጠት ለዚህ ነው የሚመታው፤ ምን እንደሆነ ሳይታወቅ በቀላሉ ቢቆረጥ ደግሞ ብዙ ሊደማ ይችላል። ቀድሞ በምስል ማየት የሚጠቅምበት የመጀመሪያ ምክንያት እነሆ።

ለምን አንዱ ቦታ ላይ ያድጋል፣ ሌላው ላይ አያድግም? እንግሊዛዊው ሐኪም ስቴፈን ፓጄት እ.ኤ.አ በ1889 የሰጠው መልስ ለገበሬ ልጅ ግልጽ ነው፦ ዘሩ ሁሉም ጋ ይበተናል፣ የሚበቅለው ግን የሚስማማው አፈር ላይ ነው። ከመቶ ዓመት በላይ አልፎ ዛሬም ይህ ሐሳብ ይሠራበታል።

አሁን ወደ ጣፋጩ ታሪክ እንምጣ። እ.ኤ.አ በ1940ዎቹ መጀመሪያ፣ ኒው ዮርክ፣ ሞንቴፊዮሬ ሆስፒታል። ሐኪሙ ሳሙኤል ሳይድሊን አንድ ግራ የሚያጋባ ታማሚ ደረሰው። ሰውየው ታይሮይዱ ከብዙ ዓመታት በፊት በቀዶ ሕክምና ወጥቷል፣ አንገቱ ላይ የለም። ግን የታይሮይድ ሆርሞን የበዛበት ሰው ምልክት ይታይበታል። ዕጢው ከሌለ ሆርሞኑን ማን እየሠራ ነው?

ሳይድሊን ጨረር የሚያመነጭ አዮዲን ሰጠው። የፊዚክስ ባለሙያው ሊዮኒዳስ ማሪኔሊ ደግሞ የሰውየውን አካል በጨረር መቁጠሪያ እየለካ ዞረ። መሣሪያው አንገት ላይ ሳይሆን ካንሰሩ ተበትኖ ያረፈባቸው ቦታዎች ላይ መቁጠር ጀመረ። የካንሰሩ ሕዋሶች አገር ቀይረው እንኳ ያደጉበትን ሙያ አልረሱም፤ ተቀምጠው አዮዲን እየለቀሙ ሆርሞን ይሠሩ ነበር። ያው አዮዲን መጠኑ ሲጨመር ደግሞ ሕዋሶቹን ከውስጥ አቃጠላቸው፣ ሰውየውም ተሻለው። ውጤቱ እ.ኤ.አ በ1946 በአሜሪካ ሕክምና ማኅበር መጽሔት ወጣ። አንድ ንጥረ ነገር በሽታውን ያሳያልም ያክማልም፤ ያኔ ለካንሰር ሕክምና አዲስ ነገር ነበር።

ዛሬ ለሕክምናው የሚውለው አዮዲን 131 ነው። በ8 ቀን ግማሹ ይጠፋል። ሁለት ዓይነት ጨረር ይወጣዋል። አንደኛው ቤታ ነው፣ ሚሊሜትር ያህል ተጉዞ የተጠጋውን ሕዋስ ይገድላል። ሌላው ጋማ ነው፣ ከሰውነት ወጥቶ ጋማ ካሜራ በሚባለው መሣሪያ ይያዛል፣ ምስሉ የሚሠራው ከዚህ ነው። ለምስል ብቻ ሲፈለግ በ13 ሰዓት ግማሹ የሚያልቀው አዮዲን 123 አለ። ሕዋሱ አዮዲኑን የሚያስገባበት በር እስከ 1996 ድረስ በውል አይታወቅም ነበር፤ በዚያ ዓመት ጂኑ ተለይቶ ወጣ። በሩ ከታይሮይድ ሌላ በምራቅ ዕጢ፣ በጨጓራና በምታጠባ እናት ጡት ላይም አለ። ይህ ደግሞ ትልቅ ጣጣ ያመጣል።

ጣጣው እንዲህ ነው። በአዮዲን ምስል ላይ የበራ ሁሉ ካንሰር አይደለም። ምራቅ፣ ጨጓራ፣ አንጀት፣ ፊኛ ሁልጊዜ ይበራሉ፣ ይሄ የታወቀ ነው። ችግሩ ሌላው ነው። ታማሚው የተጠቀመበት መሐረብ ኪሱ ውስጥ ከቀረ ዳሌው ላይ አንድ ነጥብ ይበራል። ተኝቶ ምራቁ ፀጉሩ ላይ ቢፈስ ራስ ቅሉ የበራ ይመስላል። ላብ፣ ልብስ ላይ የፈሰሰ ሽንት፣ የኩላሊት ውኃ መቋጠር፣ ሁሉም ያታልላሉ። ኦቫሪ ላይ የሚወጣ አንድ ዓይነት እባጭም አለ፣ ውስጡ ከጅምሩ የራሱ የታይሮይድ ሕዋስ ያለበት፤ ከአንገት የመጣ አይደለም፣ ግን ይበራል። አስቡት እንግዲህ፣ አንድ ሰው በመሐረብ ምክንያት "ዳሌህ ላይ ደርሷል" ቢባል።

ለዚህ ነው ጥሩ የኑክሌር ሕክምና ባለሙያ ያልጠበቀው ቦታ ላይ ብርሃን ሲያይ ወዲያው "ተሰራጭቷል" የማይለው። ልብስ ያስቀይራል፣ ያስታጥባል፣ ደግሞ ያነሳል። ስፔክት ሲቲ የሚባለው መሣሪያም እዚህ ጋ ነው የሚያግዘው። የአዮዲኑን ብርሃንና የሲቲውን ምስል አንድ ላይ ስለሚደርብ ነጥቡ አጥንት ውስጥ ይሁን ቆዳ ላይ ወይስ ከሰውነት ውጪ በሦስት አቅጣጫ ያሳያል። ጠፍጣፋው ምስል ላይ ይህንን መለየት ከባድ ነው።

ተቃራኒው ስህተት ደግሞ የባሰ ነው፤ ካንሰሩ አለ፣ ምስሉ ግን ባዶ ነው። ይህ የሚሆነው ሕዋሱ እየከፋ ሲሄድ አዮዲን የመልቀም ሙያውን ስለሚተው ነው። ሙያውን ሲተው ግን ሆዳም ይሆናል፣ ስኳር በብዛት ይበላል። ያኔ ጨረር የተጨመረበት ስኳር ተወግቶ በፔት ስካን ይታያል። ባለሙያዎቹ የሚያዩት እንደ ሚዛን ነው፣ በአንዱ ምስል ሲደበዝዝ በሌላው ይደምቃል። በፔት ላይ መድመቁ የሚያስደስት ዜና አይደለም፤ ሕዋሱ ቁጡ ሆኗል ማለት ነው። ጡንቻ፣ ቆዳ፣ ኩላሊት ላይ የተደበቁ ብዙዎቹ ያልተለመዱ ስርጭቶች የሚገኙት በዚሁ መላ ሰውነትን በአንዴ በሚያይ ምስል ነው።

ግን ማን ፔት ያስፈልገዋል የሚለውን የሚጠቁመው ተራ የደም ምርመራ ነው። ታይሮግሎቡሊን የሚባለውን ፕሮቲን የሚሠራው የታይሮይድ ሕዋስ ብቻ ነው። ዕጢው ሙሉ በሙሉ ከወጣና ቀሪው በአዮዲን ከተቃጠለ በኋላ መጥፋት አለበት። ካልጠፋ፣ ይባስ ብሎም ከፍ እያለ ከሄደ፣ የሆነ ቦታ የተቀመጠ ሕዋስ አለ። የአዮዲን ምስሉ ባዶ፣ የደሙ ቁጥር ግን የሚወጣ ከሆነ ያኔ ነው ወደ ፔት የሚኬደው። አንድ ማሳሰቢያ፦ አንዳንድ ሰው ይህንን ፕሮቲን የሚያጠቃ ፀረ እንግዳ አካል ደሙ ውስጥ ስላለ ቁጥሩ በውሸት ዝቅ ሊል ይችላል፤ ሁለቱ አብረው የሚለኩት ለዚህ ነው።

ሜዱላሪው ከዚህ ሁሉ ውጪ ነው። የሚነሳው አዮዲን ከማይለቅሙ ሌሎች ሕዋሶች ስለሆነ የአዮዲን ምስልም ሕክምናም አይነካውም። በካልሲቶኒን የደም ምርመራና በሌሎች የፔት ዓይነቶች ይከታተሉታል። ሬት በተባለው ጂን በኩል በቤተሰብ ሊወረስም ይችላል።

አንጎልና ህብለ ሰረሰር ላይ ኤምአርአይን የሚያህል የለም። እዚህ ጋ ሕይወት የሚወስን ነገር አለ። አዮዲን ከመሰጠቱ በፊት ሕዋሶቹ እንዲራቡ ተብሎ የታይሮይድ ክኒን ለሳምንታት ይቆማል ወይም የሚያነሳሳ መርፌ ይሰጣል። ያኔ እባጩ ሊያብጥ ይችላል። ሳንባ ላይ ቢሆን ቦታ አለው። ህብለ ሰረሰር አጠገብ ወይም አንጎል ውስጥ ከሆነ ግን ቦታ የለም፤ እግር ሽባ ሊያደርግ ይችላል። ስለዚህ እዚያ መኖሩን ቀድሞ ማወቅ ሕክምናውን ይቀይረዋል፣ እብጠት የሚቀንስ መድኃኒት ወይም ቀዶ ሕክምና ሊቀድም ይችላል።

ሲቲ ስካን ሳንባ ላይ ጎበዝ ነው። ወጥመድም አለው። ምስሉ እንዲደምቅ በደም ሥር የሚወጋው ፈሳሽ በአዮዲን የተሞላ ነው። ያንን የተወጋ ሰው ሕዋሶቹ በተራው አዮዲን ይጠግባሉ፣ የታከመበትን አዮዲን አይቀበሉም፤ አንድ ወር፣ አንዳንዴም ሁለት ወር መጠበቅ ይመጣል። አስቸኳይ ሆኖ ካስፈለገ ይደረጋል። ግን የታይሮይድ ካንሰር እንዳለባችሁ ለሲቲ ክፍሉ ሠራተኛ ሳትናገሩ አትተኙ።

ሳንባ ላይ ከደረስን አይቀር አገራችንን የሚነካ ነገር አለ። የታይሮይድ ካንሰር ሳንባ ላይ አንዳንዴ የሚታየው በመቶ በሚቆጠሩ የደቀቁ ነጠብጣቦች ነው። ሐኪሞች ሚሊያሪ ይሉታል፣ ስሙም ከደቃቅ እህል ፍሬ የመጣ ነው፣ እኛ ዳጉሳ በሉት። ልክ እንደዚህ የሚመስል ሌላ በሽታ አለ፣ በደም የተሰራጨ ቲቢ። ቲቢ በበዛበት አገር ሐኪም ይህንን ራጅ ሲያይ ቲቢን ማስቀደሙ ትክክል ነው፣ ማንም አይወቅሰውም። ግን የቲቢ መድኃኒት በሥርዓቱ ተወስዶ ነጠብጣቡ ካልጠፋ፣ አክታውም ምንም ካላሳየ፣ አንገትን መዳበስ ደቂቃ አይፈጅም። በአማርኛ ሁለቱንም ነቀርሳ እያልን ኖረናል፤ ለካ በራጅም ይመሳሰላሉ። በወጣቶች ላይ ደግሞ ነጠብጣቦቹ ከመድቀቃቸው የተነሳ ራጁ ንጹሕ ሆኖ በአዮዲን ምስል ብቻ ሳንባው በሙሉ ሊበራ ይችላል።

ስለ አንገት ካነሳን እንቅርትን መዝለል አንችልም። ደጋው አገር አዮዲን ያጠረው አፈር ስላለው እንቅርት የቆየ ችግር ነው፣ ኢትዮጵያም የምግብ ጨው አዮዲን እንዲኖረው በደንብ ያስገደደችው እ.ኤ.አ በ2011 ነው። አዮዲን በሚያንስበት አካባቢ ከታይሮይድ ካንሰሮች መካከል የፎሊኩላሩ ድርሻ ከፍ ይላል፤ ያ በደም የሚጓዘው ማለት ነው። እርግጥ ነው እንቅርት ማለት ካንሰር ማለት አይደለም። አንገት ላይ ከሚገኙ እባጮች ከ10 ዘጠኙ ወይም ከዚያ በላይ ጉዳት የሌላቸው ናቸው። ግን "በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ" ስንል ሁለት የተለያዩ መከራዎች ተደራረቡ ማለታችን ነው። ለዓመታት እንቅርት ይዛ የኖረች እናት የማይለቅ የወገብ ሕመም ሲጀምራት፣ ሳትወድቅ ክንዷ ሲሰበር፣ ቤተሰቡ ይህንን ተረት ነው የሚያስበው። ሁለቱ አንድ በሽታ ሊሆኑ እንደሚችሉ ለሐኪሙ መንገር ያለበት ቤተሰቡ ነው፤ አጥንት የሚያየው ሐኪም አንገቷን ሻሽ ሸፍኖት ላያየው ይችላል። ፎሊኩላሩ አስቸጋሪ የሆነበት ሌላ ምክንያት አለ። በመርፌ በሚወሰድ ናሙና ክፉውን ከደጉ መለየት አይቻልም፤ እባጩ ወጥቶ ሽፋኑን ወይም ደም ሥሩን መጣሱ ሲታይ ነው የሚታወቀው። ጀርመናዊው ዩሊየስ ኮንሃይም እ.ኤ.አ በ1876 "ተራ እንቅርት" ወደ ሌላ አካል ተሰራጭቶ አገኘሁ ብሎ የጻፈው ያኔ ይህ ልዩነት ስላልታወቀ ሳይሆን አይቀርም።

ይህን አንብባችሁ ነገ ጠዋት አልትራሳውንድ ልትነሱ የምትሮጡ ካላችሁ ቆይ አንዴ። ደቡብ ኮሪያ ሞክራዋለች። ጤነኛ ሰው ሁሉ አንገቱን በአልትራሳውንድ መታየት ሲለመድ፣ እ.ኤ.አ በ2011 የተገኘው የታይሮይድ ካንሰር መጠን ከ1993ቱ በ15 እጥፍ ጨመረ። በበሽታው የሚሞተው ሰው ቁጥር ግን ንቅንቅ አላለም። ብዙ ሰው ዕድሜ ልኩን የማይነካው ጥቃቅን ነገር ተገኝቶበት ዕጢውን አወጣ፣ ክኒን ጥገኛ ሆነ። ምልክት የሌለው ሰው እንዲመረመር የአሜሪካ የመከላከል ሕክምና ግብረ ኃይልም እ.ኤ.አ በ2017 አልመከረም። እኛም በዚህ እንስማማለን።

ምልክት ያለው ግን ሌላ ነው። የሚያድግና ጠጣር የአንገት እባጭ፣ ሳይድን የቆየ የድምፅ መጎርነን፣ አንገት ላይ የማይጠፋ ንፍፊት፣ ራስ ላይ እያደገ የሚሄድ ለስላሳ እብጠት፣ ሌሊት የሚቀሰቅስ የጀርባ ሕመም። ከጀርባ ሕመም ጋር እግር መድከም ወይም ሽንት መቆጣጠር አለመቻል ከመጣ ቀጠሮ አይጠበቅም፣ በዚያው ቀን ድንገተኛ ክፍል ነው።

ተሰራጭቷል የሚለው ቃል ሁሉንም ነገር አይዘጋም። ለፓፒላሪና ለፎሊኩላር ካንሰር በዓለም አቀፉ አመዳደብ ከ55 ዓመት በታች የሆነ ሰው ሳንባው ላይ እንኳ ቢደርስበት ደረጃው ሁለት ነው፣ አራት አይደለም። በፈረንሳይ ጉስታቭ ሩሲ ተቋም የሩቅ ስርጭት ያለባቸው 444 ታማሚዎች ታይተው እ.ኤ.አ በ2006 በታተመ ጥናት፣ እባጮቹ አዮዲን ተቀብለው ከጠፉላቸው መካከል 92 በመቶው ከ10 ዓመት በኋላ በሕይወት ነበሩ። ከጅምሩ አዮዲን ካልተቀበለላቸው ግን 10 በመቶው ብቻ። ከዚያ ወዲህ ለእነዚህኞቹ ሶራፌኒብ እ.ኤ.አ በ2013፣ ሌንቫቲኒብ በ2015 በአሜሪካ ተፈቅደዋል፤ በሽታውን ያዘገያሉ፣ ዋጋቸው ግን የሚቀመስ አይደለም።

ለአዮዲን ምስል ወይም ሕክምና የተቀጠረ ሰው ቤታችሁ ካለ ጥቂት ነገር እንጨምር። ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት አዮዲን ያነሰበት ምግብ ይታዘዛል። ያ በሌላ ጊዜ ብሉ የምንለው አዮዲን ያለው ጨው ለእሱ ለጊዜው ይቀርበታል፤ ወጡ ለብቻው አዮዲን በሌለው ጨው ይሠራለት፣ ከሕክምናው በኋላ ወደ ወትሮው ይመለሳል። ነፍሰ ጡር ሴት ይህንን አዮዲን በፍጹም አትወስድም፣ የምታጠባም አስቀድማ ማቆም አለባት፣ ስለዚህ ሳይጠይቋችሁ ተናገሩ። ለምስሉ ስትሄዱ ታጥባችሁ፣ ንጹሕ ልብስ ለብሳችሁ፣ ኪሳችሁን አራግፋችሁ ሂዱ።

ታይሮይዳችሁ ወይም የእናታችሁ እንቅርት ከዚህ በፊት በቀዶ ሕክምና ወጥቶ ከሆነ፣ የወጣው እባጭ የተመረመረበትን የፓቶሎጂ ወረቀት ፈልጉ። ብዙ ቤት ውስጥ ከራጅ ፌስታል ሥር ተጣጥፎ ይገኛል። ፎቶ አንስታችሁ ስልካችሁ ላይ፣ አንድ ኮፒ ደግሞ ቴሌግራም ሴቭድ ሜሴጅ ላይ አስቀምጡ። ከ15 ዓመት በኋላ ለወገብ ሕመም የምትሄዱበት ሐኪም መጀመሪያ ቢያየው የሚጠቅመው ወረቀት እሱ ነው።